እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ምንዛሬ አለው

ባለፈው ክረምት ከቨርጂኒያ የመጣች የአክስቴ ልጅ በገባች በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን ልትሠራ ፈልጋ ሰፈራችን ወዳለች ትንሽ ፀጉር ቤት ይዣት ሄድኩ። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ቆመው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሹሩባ ሠሯት። ሒሳቡ 500 ብር ነበር። ዶላር ባንክ ቤት በ140 ብር ግድም በሚመነዘርበት በዚያ ሰሞን ይህ አራት ዶላር አይሞላም። «እዚያ ከ100 ዶላር በታች ማን ይነካኛል?» አለች። ለልጆቹ ጉርሻ ጨምራ ወጣች፤ መንገዱን ሙሉም «ይሄ አገር እኮ ርካሽ ነው» ትለኝ ነበር።

ከዚያው ለእናቷ አስቤዛ ልንገዛ ገባን። አምስት ሊትር የሱፍ ዘይት 1,500 ብር። ስልኳን አውጥታ አሰላችና ዝም አለች። ከ10 ዶላር በላይ ነው፤ እዚያ ከምትከፍለው የሚለይበት ነገር የለም። ቀጥለን ፋርማሲ ገባን። አክስቴ በየወሩ ከሚወስዱት መድኃኒት አንዱ ጨርሶ አልነበረም፤ የተገኘው፣ ከውጭ የሚገባው፣ የአክስቴ ልጅ እዚያ በኢንሹራንስ ከምትከፍለው በልጦ ተገኘ። ወደ ቤት ስንመለስ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ደግማ አላነሳችም።

በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰፈር፣ ያው አገር ርካሽም ውድም ሆነባት። ሁለቱም ጊዜ ግን አልተሳሳተችም። ለዚህ ነው «ኢትዮጵያ ኑሮ ርካሽ ነው» ወይም «ኑሮ አይቀመስም» የሚለው ክርክር መቋጫ የማያገኘው፤ ተከራካሪዎቹ የሚያወሩት ስለተለያየ ዕቃ ነው። ኢኮኖሚስቶች የአገሮችን የዋጋ ደረጃ የሚያወዳድሩበት መለኪያ፣ ማለትም የመግዛት አቅምን የሚያመዛዝነው ስሌት (በአህጽሮቱ ፒፒፒ የሚባለው)፣ ይህንን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ያጠቃልለዋል። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ውስጡን ካልከፈቱት ብዙ ያሳስታል፤ እዚህ አገር ደግሞ እየተጠቀሰ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈት ነው።

ስሌቱን በዚያን ቀን ግዢያችን እንየው። ይህ የእኔ የማስታወሻ ደብተር ሒሳብ እንጂ የመንግሥት ስታቲስቲክስ አይደለም። ሹሩባው እዚህ 500 ብር፣ እዚያ 100 ዶላር ከሆነ፣ በሹሩባ ረገድ አንድ ዶላር 5 ብር ነው ማለት ነው። ማኪያቶ እዚህ 70 ብር፣ እዚያ 5 ዶላር ከሆነ፣ በማኪያቶ ምንዛሬ አንድ ዶላር 14 ብር ይሆናል። ዘይቱ ላይ ስንደርስ አንድ ዶላር ወደ 136 ብር ተጠጋ፤ ባንክ ቤት ካለው ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። የሞባይል ቀፎ ላይ ቀረጡና ትርፉ ተጨምሮበት ከባንኩም ምንዛሬ በላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን የብርና የዶላር ምንዛሬ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ፒፒፒ የእነዚህ ሁሉ ምንዛሬዎች አማካይ ነው፤ ሰው ለየትኛው ዕቃ ምን ያህል ያወጣል የሚለው እየተመዘነ የሚወጣ አማካይ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ የአገሮች ገንዘብ ከወርቅ ጋር የነበረው ትስስር ተናግቶ ምንዛሬው ስንት ሊሆን ይገባል የሚለው ጥያቄ ሲያፋጥጥ፣ ስዊድናዊው ኢኮኖሚስት ጉስታቭ ካሰል እ.ኤ.አ. በ1918 ስሙን አወጣለት። ቁጥሩን ከወረቀት ወደ ገበያ ያወረዱት ግን በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቪንግ ክራቪስና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከተባበሩት መንግሥታት ጋር በጀመሩት ሥራ የመጀመሪያው ንጽጽር 10 አገሮችን ብቻ የያዘ ነበር። ዛሬ የዓለም ባንክ ያስተባብረዋል፤ በአፍሪካ በኩል ደግሞ የአፍሪካ ልማት ባንክ። እ.ኤ.አ. የ2021 ዋጋዎችን ይዞ በግንቦት 2024 የወጣው የመጨረሻው ዙር 176 አገሮችን አካትቷል። ዋጋ ሰብሳቢዎቹ በየአገሩ ገበያ ወጥተው ተመሳሳይ የሆነ ዕቃ ይፈልጋሉ፤ ያው ዓይነት ሩዝ፣ ያው ዓይነት ሸሚዝ፣ ያው ዓይነት ሲሚንቶ። ጤፍ የሚበላ አገርና ድንች የሚበላ አገር ሲወዳደሩ «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያደክም መገመት አያዳግትም።

ለኢትዮጵያ ውጤቱ ይህን ይመስላል። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመፈቀዱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የዓለም ባንክ አንድ ኢትዮጵያዊ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በአማካይ የሚደርሰውን ድርሻ በባንክ ምንዛሬ ሲያሰላው 1,300 ዶላር ግድም ነበር። በመግዛት አቅም ሲሰላ ወደ 3,000 ዶላር ይጠጋል። በሌላ አነጋገር አሜሪካ ውስጥ አንድ ዶላር የሚያስወጣው ነገር እዚህ በአማካይ በ40 የዶላር ሳንቲም አካባቢ ይገኛል ማለት ነው። ይህቺ 40 ሳንቲም ናት የዋጋ ደረጃ የምትባለው።

ታዲያ ከየት መጣች? የፀጉር ቤቷን ልጆች እናስባቸው። በእጃቸው ፍጥነትም ሆነ በጥበባቸው ቨርጂኒያ ካለችው ሠሪ አያንሱም፤ የአክስቴ ልጅ ራሷ ሹሩባው ከዚያኛው እንደሚሻል መስክራለች። ዋጋቸው ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ያነሰው ሥራቸው ስላነሰ አይደለም። ሌላ ቦታ ተቀጥረው የሚያገኙት ስለሌለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፀጉር ሠሪዋ ሥራዋን ትታ መጋዘን ወይም ፋብሪካ ብትቀጠር በሰዓት ብዙ ዶላር ታገኛለች፤ ስለዚህ ፀጉር ቤቱም እሷን ለማቆየት የዚያኑ ያህል መክፈል ግድ ይለዋል። እዚህ የፋብሪካውም፣ የእርሻውም፣ የመጋዘኑም ምርታማነት ዝቅተኛ ስለሆነ ክፍያው ዝቅ ይላል፤ የፀጉር ሠሪዋም ዋጋ አብሮ ይወርዳል። ዘይት ግን መርከብ ላይ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ማን እንደሚገዛው አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢኮኖሚስቶቹ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን በየፊናቸው ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ዋጋው በየአገሩ ይቀራረባል፣ ድንበር የማይሻገረው አገልግሎት ግን የአገሩን ደመወዝ ይከተላል።

ስለዚህ «ርካሽ አገር» ስንል የሰው ጉልበት ርካሽ ነው እያልን ነው። የልብስ ሰፊው፣ የሊስትሮው፣ የጥበቃው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው ደሞዝ ነው ያቺን 40 ሳንቲም የሠራት። ከውጭ የመጣ ሰው የሚደሰትበት ቅናሽ፣ ከሌላ ሰው ወርኃዊ ገቢ ላይ የተቀነሰ ነው። ይህን የምለው የመጣውን ለመውቀስ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ጉርሻ ስትጨምር ነገሩን በደንብ ተረድታዋለች። ነገር ግን ቁጥሩን እንደ ስጦታ የሚቆጥሩ ሰዎች ይህ ጎኑ ሊታያቸው ይገባል።

አንዱ ሌላ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ትምህርት ቤትና የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሸጡት ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ የላቸውም። ስለዚህ ስሌቱ የመንግሥት አገልግሎትን ዋጋ የሚገምተው በዋናነት ከመምህሩ፣ ከነርሷና ከቢሮ ሠራተኛው ደመወዝ ተነሥቶ ነው። እርግጥ በአፍሪካ ለምርታማነት ልዩነት ማስተካከያ ሲደረግ ቆይቷል። ያም ሆኖ ነገሩን ወደ መሬት ስናወርደው እንዲህ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ በኑሮ ውድነት ተበልቶ ባለበት ሲቆም፣ መለኪያው «በዚህ አገር ትምህርት ርካሽ ነው» ብሎ ያነበዋል። መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ በወቅቱ የባንክ ምንዛሬ 80 ዶላር ግድም ነበር። ጭማሪው ቀላል አይደለም፤ ከጭማሪው በፊት በነበረችው 6,940 ብር የተማረ ሰው ወር እስከ ወር መኖር ነበረበት።

ይህን ደመወዝ በዶላር ከመመንዘር ይልቅ በሰዓት ቢመነዝሩት የበለጠ ይናገራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሠርቶ 11,500 ብር የሚያገኝ ሰው የሰዓቱ ዋጋ 65 ብር ግድም ነው። ያችን አምስት ሊትር ዘይት ለመግዛት 23 ሰዓት፣ ሦስት የሥራ ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ፣ መሥራት አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር፤ እዚያ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ክፍያ የሚያገኘው ሰው ያችን ዘይት በአንድ ሰዓት ግድም ይገዛታል። ሹሩባ ቢሠራ ግን ለእሱም ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል፤ የእኛ ባለዲግሪም እዚህ እንዲሁ ስምንት ሰዓት ግድም። በሰው ጉልበት ዋጋ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ በዘይቱ ግን ከሃያ እጥፍ በላይ ተራርቀዋል።

እዚህ ላይ ነው የአማካዩ ነገር የሚከፋው። ምክንያቱም ድሃው ቤተሰብ አማካዩን አይሸምትም። በኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ማስያ ቅርጫት ውስጥ ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይይዛል፤ ይህ የሀገሪቱ አማካይ ነው፣ በዝቅተኛ ገቢ የሚኖረው ቤተሰብ ጋ ሲደርስ ድርሻው ከዚያም ይበልጣል። የዓለም አቀፉ ንጽጽር ውጤቶች ደግሞ ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ በድሃ አገሮች ምግብ ከአገልግሎት ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። አጠቃላይ ዋጋውን ዝቅ የሚያደርጉት የቤት ሠራተኛ፣ ፀጉር ቤት፣ የግንባታ ጉልበት፣ የመንግሥት አገልግሎት ናቸው። የቤት ሠራተኛ የሚቀጥረው ሰው ቅናሹን ያገኘዋል፤ የቤት ሠራተኛዋ ራሷ ግን ደሞዟን ይዛ የምትሄደው ወደ ዱቄትና ዘይት ነው፤ ቅናሹ እዚያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት አንገስ ዲተን ለድሃው ብቻ የሚሆን የመግዛት አቅም መለኪያ ለማውጣት የደከመው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ጤፍ እኮ የአገር ውስጥ ነው፣ ዶላር ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖራል። ብዙ ያገባዋል። ማዳበሪያው በዶላር ይገዛል። የጭነት መኪናው፣ ጎማውና መለዋወጫው በዶላር ይገባሉ። በመስከረም መጨረሻ 2017 ናፍጣ በሊትር ከ90 ብር አልፏል፤ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ስለነበረ። ጎጃም ላይ ከገበሬው እጅ የተነሣ ጤፍ አዲስ አበባ ወፍጮ ቤት እስኪደርስ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዶላር አለበት። እንጀራ በመልኩ የአገር ቤት ምግብ ነው፤ ዋጋው ግን ከወደቡ ጋር የተሳሰረ ነው። በተቃራኒው ገጠር የሚኖረው ገበሬ ጤፉን በርካሽ ይበላል፣ ጨውና ስኳር፣ ሳሙናና ባትሪ ግን ከአዲስ አበባው በላይ ይከፍልበታል። ለአገር አንድ ቁጥር ማውጣት ይህንን ሁሉ ያለዝበዋል።

አሁን ወደ ሐምሌ 22 ቀን 2016 እንመለስ። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ብር በዶላር ሲተመን ያለው ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። የሀገሪቱ ምርት በባንክ ዶላር ሲሰላም በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ፋብሪካ አልፈረሰም፣ ማሳም አልደረቀም፤ የተቀየረው መቁጠሪያው ነው። በመግዛት አቅም የሚሰላው ግን እንዲህ ባለ ሌሊት አይናወጥም። የመለኪያው እውነተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ የምንዛሬ ውሳኔን ከምርት ውድቀት ለይቶ ያሳያል።

ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታትም በዚሁ መነጽር ይነበባሉ። የሸቀጥ ዋጋ በዓመት በ20 እና በ30 በመቶ እየናረ፣ ይፋዊው ምንዛሬ ግን ዘገምተኛ ስለነበረ፣ ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ እየተወደደች ሄደች። ሸማቹ ሊያውቀው የሚገባው ግን ነጋዴው በዚያ ይፋዊ ምንዛሬ ዕቃ አልገዛም ነበር፤ በባንክ ዶላር ማግኘት ስላልቻለ ከትይዩ ገበያው ነበር የሚያገኘው፣ ዕቃውንም የሚተምነው በዚያው ዋጋ ነበር። ለዚህ ነው ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንዳንዱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተፈራውን ያህል እጥፍ ያልሆነው፤ እጥፉን ቀደም ብሎ ከፍለነዋል። እጥፍ ሊሆን የሚችለው በይፋዊው ዶላር ይገባ የነበረው ነው፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት። እነዚህ ደግሞ የማይታለፉ ናቸው።

ፒፒፒ የማይሠራበት ቦታም አለ፣ እዚያም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ባለሥልጣናትም ደጋፊዎችም የኢኮኖሚውን መጠን ሲናገሩ 400 ቢሊዮን ዶላር ግድም የሚለውን የመግዛት አቅም ቁጥር ሲመርጡ ይሰማል። ለኑሮ ንጽጽር ተገቢ ነው። ለዕዳ ግን አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የዚያን ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የ400 ቢሊዮን ኢኮኖሚ 33 ሚሊዮን እንዴት ያጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የመልሱን አንድ ክፍል በዚህ ያገኛል፤ 400 ቢሊዮኑ ሹሩባውንም፣ የመምህሩንም ሥራ፣ የጥበቃውንም ሌሊት አሜሪካ ውስጥ በሚያወጡት ዋጋ ቆጥሮ የተገኘ ነው። አበዳሪው ወለዱን በሹሩባ አይቀበልም። መድኃኒት አስመጪውም፣ የነዳጅ አቅራቢውም እንዲሁ።

የድህነት መስመሩም እንዲሁ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የፍጹም ድህነት መለኪያውን በቀን ከ2.15 ወደ 3 ዶላር አሳድጎታል። ብዙ ሰው ይህንን በባንክ ምንዛሬ አባዝቶ «በቀን ከ400 ብር በታች የሚያገኝ ሁሉ ድሃ ነው» ብሎ ይጽፋል። አይደለም። 3 ዶላሩ የመግዛት አቅም ዶላር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 3 ዶላር የሚገዛውን ያህል እዚህ ለመግዛት የሚበቃ ብር። በብር ሲቀየር ከባንኩ ስሌት ግማሹን እንኳ አይሞላም። መስመሩ ሰው ከሚያስበው እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ሰው ድህነትም እንዲሁ ከሚታሰበው የከፋ ነው። ያም መስመር ከምግቡ ዋጋ ይልቅ በአማካዩ ዋጋ ስለተመነዘረ፣ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሉ ጠግቦ ያድራል ማለት አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ከተመለሰች በኋላ ደወለችልኝ። ለእናቷ በየወሩ 200 ዶላር ትልካለች፤ ይበቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ለምኑ?» አልኳት። አብረን ቁጭ ብለን በስልክ ዝርዝሩን ከፋፈልነው። እናቷን የምትንከባከበው ልጅ ደሞዝ፣ የልብስ አጣቢዋ፣ ቤቱን የሚያድሰው ግንበኛ፣ እነዚህ ላይ ዶላሯ ሩቅ ይሄዳል፤ ለልጅቱ ደሞዝ ብትጨምር ለእሷ ትንሽ፣ ለልጅቱ ብዙ ነው። ዘይቱና ዱቄት ወተቱ ላይ ዶላሯ እዚያ ከሚገዛው የተለየ አይገዛም፤ እዚያ ለራሷ ለወር አስቤዛ የምታወጣውን ያህል ማሰብ አለባት። መድኃኒቱ ላይ ደግሞ እዚህ መግዛት ያከስራል። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አግኝታ የስድስት ወሩን መድኃኒት ከነማዘዣው ላከች። ብሩን በባንክ አስገባች፤ የልጅቱም ደሞዝ ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ሺህ ብር ተጨመረበት።